የላይኛው ነው የታችኛው?

«ጥርሴ ወለቀ» ብላ የመጣች ሴት በእኛ ብሎክ ቡና ቶሎ አይቀዳላትም። መጀመሪያ ትጠየቃለች፤ «የላይኛው ነው የታችኛው?» የላይኛው ከሆነ የሚያሰጋው ታላቅ ዘመድ ነው፤ የታችኛው ከሆነ ታናሽ። ደም ከነበረው የቅርብ ሰው፣ ደም ካልነበረው የሩቅ፣ ምናልባትም ባለፈው ሰርግ ላይ ብቻ የታየ የአጎት ልጅ። መንጋጋ ከሆነ ግን እማማ ሲኒውን አስቀምጠው «የቤቱ ምሰሶ ማን ነው?» ይላሉ። ያን ጊዜ ባል ያላት ባሏን፣ የሌላት ደግሞ ውጭ አገር ያለውን ወንድሟን ታስባለች።

እማማ የሚኖሩት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ያለው ብሎካችን ጂ ፕላስ ፎር ስለሆነ ከእሳቸው በላይ ያለው ጣሪያና ፈጣሪ ብቻ ነው፤ ይህም ለህልም ፈቺነታቸው ክብደት ጨምሮላቸዋል። ሊፍት በሌለበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ድረስ የሚወጣ ህልም ተራ ህልም ሊሆን አይችልም። ተራ ተራው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ አጥሮት ይቀራል።

ችሎቱ የሚሰየመው ቅዳሜና እሑድ ኮሪደሩ ላይ ነው፣ ቡና ሲፈላ። አቦል ላይ ህልም ይቀርባል፤ ቶና ላይ ይፈታል፤ በረካ ላይ ያልተስማማው ወገን ይግባኝ ይላል። ሕጉ ያልተጻፈ ቢሆንም ሁሉም ያውቀዋል። ሰርግ ያየ ሰው ልቡን ያዘጋጅ፤ ልቅሶ ያየ ደስ ይበለው። እባብ ጠላት ነው። ያንን ቆሻሻ፣ ቡና ላይ ስሙን የማላነሳውን፣ የረገጠ ሰው ገንዘብ ያገኛል። በዚህ አንቀጽ ላይ የምድር ቤቱ ጡረተኛ ሻለቃ አንድ ጊዜ ተከራክረው ነበር። ከብሎኩ ጀርባ ያለው የፍሳሽ ጉድጓድ በክረምት ሲሞላ ሁላችንም እየረገጥን እንደምናልፍ፣ እስካሁንም ማንም እንዳልከበረ አስረዱ። እማማ «በእውን የተረገጠ አይቆጠርም» ብለው ዘጉት።

የሕጎቹ ሁሉ ራስ ግን «ህልም እንደ ፈቺው ነው» የሚለው ነው። ስለዚህ ህልሙን መጀመሪያ የሚሰማው አፍ ወሳኝ ነው፤ ብልህ ሰው ሌሊት ያየውን ይዞ የሚሄድበትን ደጅ ይመርጣል። ከፊት ለፊቴ ያለችው ጎረቤቴ አንድ ሌሊት በወርቅ ያጌጠ ደረጃ ስትወጣ አየች። ደስታው አላስቀምጥ ቢላት ባሏን ቀሰቀሰችውና ነገረችው። ባልየው ዓይኑን ሳይገልጥ «ተዪኝ፣ ልተኛበት» አለ። እማማ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ተፈትቷል ማለት ነው፤ ወርቁ ተተኝቶበታል።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ልክ ከእኔ ሥር፣ ሐጂ አሉ። ከሱቅ ሲመለሱ ቆም ብለው አንድ ሲኒ ይቀምሳሉ፤ በችሎቱ ግን አያምኑበትም። «ክፉ ህልም አይወራም» ይላሉ። «በግራ በኩል ሦስት ጊዜ እንትፍ ብሎ፣ በአላህ ተጠብቆ፣ ጎን ቀይሮ መተኛት ነው። ደጉን ደግሞ ለሚወድህ ሰው ብቻ ትነግራለህ።» ይህ ሕግ ቢጸድቅ የእኛ ቡና በስኳር ብቻ ሊጠጣ ነው። ሐጂ ለህልም ክብር የላቸውም ማለት ግን አይደለም። የአዛን ቃላት መዲና ውስጥ ለአንድ ሰሓባ፣ ለአብዱላህ ኢብን ዘይድ፣ በህልሙ እንደተነገሩት፣ ነቢዩም የቢላል ድምፅ ይበልጥ ስለሚርቅ ለእሱ እንዲያስተምረው እንዳዘዙት ያወራሉ። «ያየው ሌላ፣ ያሰማው የእኛ ሐበሻ» ሲሉ ደረታቸው ትንሽ ይነፋል።

ሻለቃ በዚህ ጊዜ ዝም አይሉም፤ ላሊበላን ይጠራሉ። በገድሉ እንደተጻፈው ንጉሡ መርዝ ጠጥቶ ሦስት ቀን ወድቆ ሳለ ወደ ሰማይ ተወስዶ ከአለት የሚፈለፍላቸውን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ ተመለሰ። አይቶም አልቀረ፤ ሠራቸው።

«እሱ ራእይ ነው እንጂ ህልም አይደለም» አሉ እማማ።

«ልዩነቱ ምንድን ነው?» አልኩ እኔ።

«ራእይ በጀት አለው» አሉ ሻለቃ።

እኔ በበኩሌ ከጥንት ህልሞች ሁሉ የምወደው ክብረ ነገሥት ውስጥ ያለውን የሰለሞንን ነው። ከንግሥተ ሳባ ጋር ባደረበት ሌሊት ፀሐይ ከሰማይ ወርዳ በእስራኤል ላይ ስታበራ ከቆየች በኋላ ብድግ ብላ ወደ ኢትዮጵያ ስትሄድ አየ፤ ደንግጦም ነቃ። ፀሐይ ራሷ ወደዚህ የፈለሰችበት ዘመን ነበር ማለት ነው። በየዓመቱ ዲቪ የሚሞሉት የብሎካችን ወጣቶች ይህን ሲሰሙ ፀሐይቱ ፎርሙን አሳስታ የሞላች ይመስላቸዋል።

በህልም ራስን መፈለግ የሚባለውን ነገር ያመጣብኝ ሳይኮሎጂ የሚያጠናው የእህቴ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ህልምህን ጻፈው። ራስህን ታገኛለህ» አለኝ።

«ጠፍቼ ከሆነ እስካሁን የባንኩን ወርሃዊ ክፍያ ማን ሲከፍል ኖረ?» አልኩት።

ሳቀ እንጂ አልተወኝም። ደብተርና እስክርቢቶ ትራሴ አጠገብ አስቀመጠልኝ። ስትነቃ አትነሳ፣ መብራት አታብራ፣ ስልክ አትንካ፣ ወዲያው ጻፍ አለኝ። መብራት አለማብራቱ በእኛ ሰፈር አልከበደኝም፤ ብዙ ጊዜ ምርጫውም የለኝም። ጨለማ ውስጥ የተጻፈ ነገር ሲነጋ ማንበብ ግን ሌላ ሙያ ነው። አንዱ ገጽ ላይ በእጄ ጽሑፍ «ሰማያዊ ጀሪካን። እሷ ሳቀች። አሁን ገባኝ!» ይላል። የገባኝ ነገር ምን እንደሆነ አልተጻፈም። ራሴን አግኝቼው ነበር ማለት ነው፤ አድራሻውን ሳልቀበለው አመለጠኝ።

ልጁ የሚለው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1953 ቺካጎ ውስጥ አሰሪንስኪ የሚባል ተማሪና ክላይትማን የሚባለው መምህሩ የተኛ ሰው ዓይን በቆቡ ሥር በየተወሰነ ጊዜ ሲቅበዘበዝ፣ ያን ጊዜ የተቀሰቀሰም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ህልም ሲያወራ እንዳገኙት ጻፉ። ተማሪው መጀመሪያ የመለኪያውን ሽቦ የለጠፈው በስምንት ዓመት ልጁ ፊት ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ በተደረገው ጥናት ይህ ነገር በአንድ ተኩል ሰዓት ልዩነት እየተመላለሰ እንደሚመጣ፣ በሌሊት በድምሩ ሁለት ሰዓት ያህል እንደሚሆን፣ ረጅሙም ወደ ንጋት ላይ እንደሚውል ታውቋል። ይህን ሳነብ አዘንኩ። ወደ ንጋት ላይ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ፣ የኮዬ ሰው ያለው ሰልፍ ላይ ነው። ሌላው ሰፈር አልጋው ላይ የሚያየውን ዋናውን ህልም እኛ አውቶቡስ ውስጥ ቆመን፣ ግንባራችንን ብረቱ ላይ አስደግፈን ነው የምንጨርሰው። ጥርስ የሚወልቅ ከሆነም እዚያ በእውን ይወልቃል።

ቁልፍ ተረክበን የገባን ሰሞንማ ህልምም አልነበረም። ቤቱ ፊኒሺንግ የለው፣ ግድግዳው ያስተጋባል፣ ከታች ጥበቃው ያፏጫል፣ ከማዶ ጅቡ ይመልስለታል። እንቅልፌ እየተቆራረጠ ስነሳ «ቤቱ አልተባረከም» ተባልኩ፤ ጠበልም ተረጨ። በኋላ እንዳነበብኩት አሜሪካ የሚገኘው የብራውን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳተሙት፣ ሰው እንግዳ ቦታ በመጀመሪያ ሌሊቱ ሲተኛ የአንጎሉ ግራ ወገን ከቀኙ ይልቅ ቀለል ብሎ ይተኛል፤ ድምፅ ያዳምጣል። ዶልፊንና አንዳንድ ወፍ ሁልጊዜ የሚያደርጉትን እኛ የምናደርገው ቤት ስንቀይር ነው። የብራውን ተመራማሪዎች በሁለተኛው ጊዜ እየተወ ይሄዳል ይላሉ። የእኔ ግራ አንጎል ግን ያለ ደመወዝ ጥበቃ ተቀጥሮ ክረምቱን አሳለፈ።

እንቅልፍ ሲመጣ ህልሙም መጣ፤ የመጣው ግን ጀሪካን ይዞ ነው። ካልቪን ሆል የሚባል አሜሪካዊ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ህልም ሲሰበስብ ኖሮ ከ50 ሺህ በላይ አከማችቷል። ከዚያ ሁሉ ክምር ያገኘው ዋናው ነገር ሰው ሌሊት የሚያየው ቀን የሚያሳስበውን ነው፤ ሲሳይ ከሚያይበት ይልቅም መከራ የሚያይበት ይበዛል። ሆል ኮዬ ቢመጣ ያን ያህል ባልደከመ። አንድ ሌሊት የኖኅን የጥፋት ውኃ አየሁ። መርከቡ ራሱ ብሎካችን ነበር፤ እንስሳቱ በደረጃው ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲወጡ የኮሚቴው ሊቀመንበር የጋራ መዋጮ ያልከፈሉትን ያስቀራል። ጠዋት ለእማማ ነገርኳቸው።

«ውኃው ጥርት ያለ ነው ወይስ ድፍርስ?»

«ጥርት ያለ።»

«ሲሳይ ነው» አሉ። «ትልቅ ሲሳይ።»

ወደ ቤቴ ስመለስ የሳሎኔ ጣሪያ ላይ ሰፊ እርጥበት አየሁ፤ ጠብ ጠብም ይላል። ሌሊት በተራችን ውኃ ሲመጣ እማማ ቧንቧቸውን ክፍት ትተውት አድረው ኖሯል። የዚያን ዕለት ህልም ፈቺና የፎቅ ጎረቤት አንድ ሰው መሆን እንደሌለበት ተረዳሁ፤ ሐሳቡን ኮሚቴ ላይ ለማንሳት ግን ድፍረቱ የለኝም።

ደብተሩ እየሞላ ሲሄድ ሌላ ነገር አስተዋልኩ። ጀሪካኑም ሰልፉም ደረጃውም አለ፤ ቦታው ግን ኮዬ አይደለም። በህልሜ ውኃ የምቀዳው ልደታ፣ የድሮው የቀበሌ ቤታችን ደጅ ነው። በእውን ያ ቤት የለም፤ ሰፈሩ ተነስቶ በቦታው ፎቅ ቆሟል። ነገሩን ወደ ቡናው ይዤ ወጣሁና ጠየቅሁ፤ ህልማችሁን የምታዩት የት ሆናችሁ ነው?

ትንሽ ዝምታ ሆነ። እማማ ዶሮ ማነቂያ አሉ። ያ ሰፈር በ2016 ፈርሷል። ሻለቃ ካዛንቺስ፤ እሱም በ2017 ማሽን ገባበት። ሐጂ «አሜሪካን ግቢ፣ ሌላ የት አለ?» አሉ፤ ከመርካቶ በቀር ህልም የሚታይበት ቦታ መኖሩ የገረማቸው ይመስላሉ። ዕድር የምትሰበስበው ጎረቤታችን በህልሟ ሁልጊዜ እንጀራ የምትጋግረው ከአራት ሌሎች ሴቶች ጋር በምትጋራው የጭስ ቤት ውስጥ መሆኑን ነገረችን፤ እዚህ የራሷ ኤሌክትሪክ ምጣድ አላት። ዞረን ዞረን ኮዬ ፈጬ ላይ ሆኖ ያለመ አንድ ሰው አጣን። ከተማው ያፈረሰውን ሁሉ ህልም ያለ ካሳ መልሶ አቁሞታል፤ ኮሪደር ልማትም እዚያ አልደረሰም።

የሚያስቀው ደግሞ በዚያን ጊዜ፣ በቀበሌው ቤት ሳለን፣ የምናልመው ይህንን ነበር። በ1997 ተመዘገብን። በ2005 እንደገና ስንመዘገብ ቁጥራችን ከ900 ሺህ በላይ ነበር። ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ መኝታ፣ ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስት እያልን በእውንም በህልምም ስንለካ፣ ከየወር ደመወዛችን ባንክ ስናስገባ፣ ዕጣ በወጣ ቁጥር ጋዜጣውን መሬት ላይ ዘርግተን በጣታችን ስም ስናስስ ከረምን። እናቴ በህልሟ የኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ልብስ አስጥታ አየችና ደስታዋ ሳምንት ቆየ። ያኔ ጣሪያው የሚያፈሰው ቤት ውስጥ ተኝተን በረንዳ እናያለን፤ አሁን በረንዳው አጠገብ ተኝተን የሚያፈሰውን ጣሪያ እናያለን። የእህቴን ልጅ ይህ ምን ማለት ነው ብዬ ብጠይቀው «ራስህን እያገኘኸው ነው» አለኝ። ያገኘሁት የማያመሰግን ሰው ነው፤ ቢጠፋ ይሻል ነበር።

ከዚያ የዩንግን ህልም ነገረኝ፤ ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1909 ሲግመንድ ፍሮይድና ካርል ዩንግ በአንድ መርከብ ወደ አሜሪካ ሄዱ። ፍሮይድ የህልም ፍቺ መጽሐፉን ካሳተመ አሥር ዓመት ሊሞላው ነው፤ መጀመሪያ የታተሙት 600 ቅጂዎች ተሸጠው እስኪያልቁ ስምንት ዓመት ፈጅተዋል። (እማማ ያለ መጽሐፍ ከዚያ የበለጠ ደንበኛ አላቸው።) መርከቡ ላይ ሥራ ስላልነበራቸው በየቀኑ አንዱ የሌላውን ህልም ሲፈታ ይውል ነበር። ዩንግ በሸመገለ ጊዜ ባስጻፈው የሕይወት ታሪኩ እንደሚለው፣ በህልሙ የማያውቀው ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ውስጥ ነበር፤ ቤቱ ግን «የእኔ ቤት» ነው። ላይኛው ፎቅ ያማረ ሳሎን፣ ጥሩ ጥሩ ሥዕል የተሰቀለበት። ወደ ምድር ቤቱ ሲወርድ ዕቃው ሁሉ የጥንት፣ ክፍሉም ጨለም ያለ። ከዚያ በከባድ በር አልፎ በድንጋይ ደረጃ ወደ ጓዳ ሲወርድ ግድግዳው የሮማውያን ዘመን ነው። ወለሉ ላይ ቀለበት ያለው የድንጋይ ክዳን አለ። ሳበው፤ ጠባብ ደረጃ ወረደ፤ ዋሻ ውስጥ ገባ። አቧራ፣ የተሰባበረ ሸክላ፣ አጥንት፣ ሁለት ያረጁ የራስ ቅሎች። ነቃ።

ይህን ሙሉውን ቡና ላይ ነገርኳቸው። እንደ እህቴ ልጅ አገላለጽ ቤቱ የሰውየው አእምሮ ነው፤ ወደ ታች በወረድክ ቁጥር ራስህ የማታውቀውን ራስህን ታገኛለህ አልኳቸው።

«ይህ ሁሉ ፎቅ የአንድ ሰው ነው?» አሉ እማማ።

«ካርታ አለው?» አሉ ሻለቃ።

ጥያቄያቸው ያስቃል እንጂ ከንቱ አልነበረም። ዩንግ የራሱን ቤት ከላይ እስከ ታች ያለ ከልካይ ይወርዳል። እኔ ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። ወደ ውስጤ ጠለቅ ብዬ ልውረድ ብል የማገኘው የሐጂን ሳሎን ነው፤ ጫማ አውልቄ ሰላምታ ሰጥቼ ማለፍ አለብኝ። ከሐጂ ሥር ስፌት የምትሠራ ተከራይ አለች፤ ከእሷ ሥር ሻለቃ። እኔ የማላውቀው እኔነቴ የሌሎች ሰዎች ይዞታ ሆኖ ኖሯል። ከላይ ደግሞ እማማ አሉ፤ ከእሳቸው የሚመጣው ምን እንደሆነ ቀደም ብዬ ጣሪያዬ ላይ አይቻለሁ።

የህልሙ ጨዋታ ግን ከተነቃ በኋላ ነው ያለው። ፍሮይድ የራስ ቅሎቹን ነገር አልተወም። የማን ናቸው? ሞቱን የምትመኝለት ሰው አለ ማለት ነው፤ ማን ነው? ዩንግ ሞት አልተመኘሁም ቢል ሰውየው እንደማይለቀው ገባው። እውነቱን ቢናገር ወዳጅነቱ ይሻክራል። ስለዚህ ዋሸ፤ «የሚስቴና የእህቷ ናቸው» አለ። ያኔ ገና አዲስ ሙሽራ ነበርኩ ይላል በመጽሐፉ፤ ሚስቱን የሚጠላበት ምክንያት አልነበረም። ፍሮይድ ግን እፎይ አለ። በዚያው ጉዞ ደግሞ ዩንግ በተራው የፍሮይድን ህልም ሊፈታ ተቀምጦ ስለ ግል ሕይወቱ ጥቂት እንዲያስረዳው ጠየቀው። ፍሮይድ አየው፤ ሥልጣኔን አደጋ ላይ አልጥልም ብሎ እምቢ አለ። ወዳጅነታቸው ከጥቂት ዓመት በኋላ ፈረሰ።

እማማ በዚህ ላይ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «ፈቺው የፈለገውን ሰጠው! እኔ ዘንድ የሚመጣውም ሁሉ እንዲሁ ነው። ሰው ህልሙን ሙሉውን ያመጣልኛል ብለህ ነው? መሃሉን ቆርጦ፣ ጫፍ ጫፉን ነው የሚነግረኝ። ሲቆርጥ ዓይኑን አየዋለሁ፤ የምፈታው የቆረጠውን ነው።»

ሐጂ ሲኒውን ይዘው ቆመው ነበር። «እማማ» አሉ ረጋ ብለው፣ «የእርስዎን ህልም ግን ሰምተን አናውቅም።»

እውነት ነው፤ ሰምተን አናውቅም። እማማ ጀበናውን አንስተው ሁሉም ሲኒ ሙሉ መሆኑን አይተው መልሰው አስቀመጡት። «እኔ አላልምም» አሉ። በፍሮይድ ቤት የገቡ መሰለኝ። ግን እንደ እሱ አልዘጉትም፤ ከብዙ ዝምታ በኋላ ጀመሩ።

በደረጃችን ሲወርዱ ያያሉ። አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ምድር ቤት። ደረጃው ግን አያልቅም፤ ከምድር ቤቱ ሥር ይቀጥላል። ሲወርዱ ሲወርዱ ብርሃን ያለበት ይደርሳሉ፤ ሜዳ ነው፤ የጤፍ ማሳ። አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ታርማለች። ቀና ብላ አየቻቸው። ኦሮምኛ ነው የምትናገረው፤ እማማ ኦሮምኛ አያውቁም፤ በህልማቸው ግን ይገባቸዋል። «ማን አስገባሽ?» አለቻቸው። አልተቆጣችም አሉ። ዝም ብላ ጠየቀች።

ማንም ሲኒውን አላነሳም። ይህ የቆምንበት ሰፈር ኮንዶሚኒየም ሳይሆን የእርሻ መሬት እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ በክረምት ጫማችንን የሚይዘው ዋልካ ጤፍና ሽምብራ ሲያበቅል የኖረ ዋልካ ነው። የካቲት 27 ቀን 2011 ከ51 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ እኛ ጋ እልልታ ነበር፤ በኦሮሚያ ብዙ ከተሞች ደግሞ በዚሁ በኮዬ ፈጬ ስም ሕዝብ ለተቃውሞ ወጣ። የእኛ ዕጣ የወጣበት መሬት ለሌላው ያለ ዕጣ የሄደበት ነው። ይህን አናወራውም። በቡና ላይ ስለ ውኃ፣ ስለ መብራት፣ ስለ ኮሚቴው ሁሉ ይወራል፤ ስለዚህ ግን ሲወራ ሰምቼ አላውቅም።

ፈቺዋ ራሳቸው ባለ ህልም ሆነው የሚፈታ ጠፋ። ሁሉም ወደ ሻለቃ አየ። ሻለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጤፍ ሲሳይ ነው» አሉ።

«ነው፣ ነው፣ ሲሳይ ነው» አልን ሁላችንም ተሽቀዳድመን። ዕድር ሰብሳቢዋ የጤፍን ዋጋ አነሳች፤ ወሬው ወዲያው ሞቀ። እኛም የራስ ቅሎቹን ለሚስታችን እህት ሰጥተን ተገላገልን። እማማ ብቻ አልተናገሩም። ሰው ሲቆርጥ የሚያዩትን ዓይን አሁን በእኛ ላይ ያዩት መሰለኝ፤ ቶናውን ግን ቀዱልን።

የእህቴ ልጅ ደብተሩ እንዴት ሆነ እያለ ይደውላል። ራሴን አግኝቼው ከሆነ ያገኘሁት በተጻፈው ውስጥ አይደለም፤ ለማን ነግሬ ለማን እንደተውኩት ባየሁ ጊዜ ነው። ለአለቃዬ የማልነግረው፣ ለሚስቴ የማሳጥረው፣ ለእማማ የማሳምረው አለ። አንድ ህልም ሦስት ቦታ ሦስት ሆኖ ይወጣል። ለደብተሩ እንኳ፣ ከእኔ በቀር ማንም ለማያነበው፣ አንዳንድ ሌሊት ቆርጬ ጽፌያለሁ።

ባለፈው እሑድ ችሎቱ ሊበተን ሲል የሦስተኛ ፎቋ ሚጢ፣ እዚሁ ብሎክ ውስጥ የተወለደችው፣ የእናቷን ቀሚስ ይዛ «እኔም አየሁ» አለች። አምስት ዓመቷ ነው።

«ምን አየሽ የኔ እናት?» አሉ እማማ።

«ጅብ። በደረጃ ወጣ።»

«በየት ደረጃ?»

«በዚህ!» ጣቷን ቀሰረች። «በእኛ ደረጃ።»

ተያየን። ኮዬ ፈጬ ላይ ሆኖ ያለመ የመጀመሪያው ሰው ተገኘ። እማማ ወደ ፊት ዘንበል አሉ፤ ጅቡ ነክሶሽ ነበር ወይስ አልነከሰሽም፣ ነጭ ነው ጥቁር፣ ቀኝ ነው ግራ የዞረው የሚለው ሁሉ ሊመጣ ነው። ሚጢ ግን ለጥያቄ ጊዜ አልሰጠችም።

«በራችንን አንኳኳ» አለች። «ባዶ ጀሪካን ይዟል። ውኃ መጣ ወይ አለኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ማታ ና አልኩት።»

ሻለቃ ፊታቸው ጠቆረ። «ማታ የማዶው ብሎክ ተራ ነው» አሉ።